ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ንግድ ፈቃዱን እዩ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደ ሜልበርን ተመልሻለሁ። የሄድኩት ለአባቴ ሙት ዓመት ነበር፤ በዚያው የእናቴን ቤት መስኮቶች ላስቀይር ብዬ። ቤቱ ከአያት አለፍ ብሎ፣ ከተማው ወደ ለገጣፎ በሚያልቅበት በኩል ነው። ብዙ ሰው ጋ ሥራ አሠርቻለሁ፣ አብዛኞቹን አመሰግናለሁ። አንዱ ግን አሁንም ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ያራል። ይህን የምጽፈውም በተለይ ከውጭ ገብታችሁ የቤተሰብ ቤት ለማደስ ያሰባችሁ እንዳትሸወዱ ነው።

ጥሩ ጥሩውን ቶሎ ልበልና ልለፍ። ቴሌብር ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞኛል፣ ከዳቦ ቤት እስከ ፀጉር ቤት በስልክ ስከፍል ነው የሰነበትኩት። ከኤርፖርት ያመጣኝ ሹፌር ጨዋ ልጅ ነበር፤ ሻንጣዬን ጭቃው ሳይነካው እስከ በሩ አደረሰልኝ። የጥርስ ሐኪሟ እጇ ይባረክ። ድንኳንና ወንበር ያከራዩን ልጆችም በሰዓታቸው መጥተው በሰዓታቸው ነቅለው ሄዱ። ስለ ድግሱ ሴትዮ ወደ ኋላ በደንብ እጽፋለሁ፣ ይገባታል።

አሁን ወደ አልሙኒየሙ።

የእናቴ ቤት መስኮቶች አባቴ ቤቱን ሲሠራ የገጠማቸው የብረት መስኮቶች ናቸው። ዝገዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ዋናው መንገድ ዳር ትልቅ ታፔላ የሰቀለ የአልሙኒየም ቤት አለ። ከውጭ ሲታይ የተደራጀ ነው፤ መቁረጫ ማሽን፣ የተደረደረ ፍሬም፣ የሚሯሯጡ ልጆች። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ራሱ ቤት መጥቶ ልኬት ወሰደ፣ እማዬ ቡና አፍልታ አጠጣችው፣ 240,000 ብር ተስማማን። ግማሹን ቀብድ አለኝ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላከልኝና ሳየው የሴት ስም ነው። «የባለቤቴ ነው፣ ችግር የለውም» አለ። ላክሁለት። በሳምንት ውስጥ ገጥሜ አስረክባለሁ ብሎ ማለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክረምት ላይ ቤት ያሳደሰ ሰው ሁሉ ይገምተዋል። ልጆቹ መጡና የድሮዎቹን መስኮቶች በአንድ ቀን ነቅለው ወሰዱ። ፍሬሙ ዘገየ። ፍሬሙ ሲመጣ መስታወቱ የለም። ስደውል መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ መስታወት ከገበያ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሠራተኛው ለቅሶ ሄደ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። ሐምሌ መሆኑን አትርሱ። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ሳሎን ድረስ ይገባል። ክፍት የቀረውን በላስቲክ ሸፍነን በሚስማር መታነው፤ ሌሊት ላስቲኩ ሲርገበገብ እማዬ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሶፋዎቹን ወደ መሀል ሰብስበን፣ የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አውርደን መኝታ ቤት አስገባነው። ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ሰው ሊመጣ ነው። እናቴ ለሰው ክፉ መናገር አታውቅም፤ «ይመጣሉ ልጄ፣ አትቆጣ» ትለኛለች። እኔ ግን የምቆጣው ለእሷ ነበር።

በመጨረሻ ገጠሙት። ሥራው መጥፎ ነው አልልም፤ ከጓዳው መስኮት በቀር ሁሉም ደህና ይዘጋል። ቀሪውን 120,000 ልልክለት ስልኬን ሳወጣ ግን እንዲህ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ቫቱ ደግሞ አለ።»

«የምን ቫት?»

«የመንግሥት ነዋ። አስራ አምስት ፐርሰንት። እናንተ ውጭ ያላችሁት ታውቁት የለ እንዴ!»

36,000 ብር ማለት ነው። ስንስማማ አንድም ቀን ያልተነሳ ነገር። ግብር መክፈል አይከፋኝም፤ እዚያም እዚህም እከፍላለሁ። «መንግሥት የጠየቀው ከሆነ እከፍላለሁ፣ የማሽን ደረሰኝ ስጠኝ» አልኩት። ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። ማሽን ሲበላሽ የሚሠራበት፣ ገቢዎች ፈቅዶት የታተመ የእጅ ደረሰኝ መኖር አለበት፤ እሱን ስጠኝ አልኩት። ይኼኔ ከመኪናው ውስጥ አንድ ጥራዝ አወጣ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ተራ የሽያጭ ጥራዝ ነው፣ የነጋዴ ስም የለው፣ አድራሻ የለው። «መስኮት ሥራ ከነቫቱ 276,000» ብሎ በእስክርቢቶ ጻፈና ማኅተም መታበት። ማኅተሙ ላይ ከንግድ ስሙ በታች ቲን ቁጥር አለ። አሥሩም ቁጥሮች ይነበባሉ።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበር። ስልኩን አወጣና የንግድ ሚኒስቴሩ ኢ-ትሬድ ገጽ ላይ ገባ። ቲን ቁጥሩን አስገብቶ የነጋዴውን ፈቃድ ማየት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም፣ ማንም ሰው ማየት ይችላል። እዚያው ሰውየው ፊት ወጣ። ስሙ የራሱ ነው፣ የግለሰብ ነጋዴ ነው። የንግድ ዘርፉ ግን የአልባሳት ችርቻሮ ነው ይላል። አልሙኒየም የሚባል ነገር የለበትም። ፈቃዱም አልታደሰም።

ስለ እድሳቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ የተነሳ ማንም ያለ ጥፋቱ እንዳይፈረድበት እፈልጋለሁ። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የሄዳችሁበት ሱቅ ገና አላደሰም ብላችሁ ሌባ ነው አትበሉ፤ ጊዜ አለው። የእኛ ሰው ግን ያለፈውን ዓመት ሙሉ ዘሎታል። ዘርፉ ደግሞ ሌላ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በዘርፍ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ ልብስ ልሽጥ ብሎ ያወጣ ሰው መስኮት ሊገጥም አይችልም።

ቫቱ ነው ግን ዋናው። ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ቫት አይሰበስብም። ቫት የሚሰበስበው ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነው። የመመዝገብ ግዴታው የሚመጣው የዓመት ሽያጩ አሁን ባለው ሕግ 2 ሚሊዮን ብር ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ሆኖ በፈቃዱ የተመዘገበም ይኖራል። የተመዘገበ ሰው ሰርተፍኬት ይሰጠዋል፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቅለዋል፣ ደረሰኙንም በማሽን ይቆርጣል። ያልተመዘገበ ሰው «ቫት» ብሎ ከእናንተ የሚቀበለው 15 በመቶ መንግሥት ጋ የሚደርስበት መንገድ የለም። ኪሱ ነው የሚገባው። ያስጠይቃልም። ቫት ወደ አገራችን ከገባ ከ1995 ጀምሮ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ሆኖት እንኳ ሰው አሁንም ቫት ሲባል ዝም ብሎ ይከፍላል፤ የመንግሥት ስም ሲጠራ መከራከር ስለሚከብድ ይመስለኛል። ከውጭ የመጣ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ዶላር አለው፣ ጊዜ የለውም፣ በቅርቡ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል።

እኔ ሜልበርን ውስጥ በግሌ የምሠራ ቀለም ቀቢ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ሥራዬ ነው። እዚያ በግሉ የሚሠራ ሰው ኤቢኤን የሚባል ባለ 11 አኃዝ ቁጥር ያወጣል፣ በነፃ ነው። ደንበኛዬ ቁጥሬን መንግሥት ባዘጋጀው ገጽ ላይ ሲያስገባ ስሜን፣ የግለሰብ ነጋዴ መሆኔን፣ ምዝገባዬ በሥራ ላይ ይሁን የተሰረዘ፣ የምሠራበትን ክፍለ ሀገርና የፖስታ ቁጥር፣ እንዲሁም ጂኤስቲ ለሚባለው የእነሱ የሽያጭ ግብር መመዝገቤንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ያያል። ጂኤስቲው 10 በመቶ ነው። የዓመት ገቢዬ 75,000 ዶላር እስኪደርስ መመዝገብ ግዴታዬ አልነበረም፤ ሳልመዘገብ 10 በመቶ ብጨምርበት ደንበኛው እዚያው ስልኩ ላይ ይይዘኛል። ለድርጅት ሠርቼ ቁጥሬን ካልሰጠሁ ደግሞ ከክፍያዬ 47 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። አገራችን የጎደላት ይቺ አንዷ ነገር ናት። ኢ-ትሬድ ላይ ፈቃዱን አየሁ፣ እሰየው፣ በእውነት ደስ ብሎኛል፤ እኔ አገር ስለቅ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የቫት ምዝገባውም እዚያው ፈቃዱ አጠገብ ቢወጣ ግን እናቴን የመሰለች ሴት ማንንም ሳትለምን ታውቅ ነበር።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ስልኩን ሳሳየው መጀመሪያ ሲስተሙ ተሳስቷል አለ። ቀጥሎ ፈቃዱ በወንድሜ ስም ነው አለ። «እሺ፣ የወንድምህን ቲን ቁጥር ስጠኝ» አልኩት። አልሰጠም። ድምፁ ከፍ አለ፣ መስታወቱን ነቅዬ እወስዳለሁ አለ። እናቴ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ የጎረቤታችን አዛውንት ገቡ፤ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ሰፈሩ ያከብራቸዋል። ተቀመጡ፣ ሁለታችንንም አስቀመጡን፣ ነገሩን ከሥሩ ጠየቁ።

«አንተ ልጅ፣ ስትስማሙ ቫት ብለኸዋል?»

«ያው የታወቀ ነው ብዬ ነው ጋሼ።»

«ደረሰኙ የታለ?»

ዝም አለ። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ወርወር አድርጎ «በቃ እሺ፣ ለእሳቸው ስል ቫቱ ይቅር» አለ።

እዚህ ጋ ነው ልባችሁን እንድትሰጡኝ የምፈልገው። ቫቱ ይቅር! የመንግሥት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ በእሱ ፈቃድ ሊቀር ይችላል? የተመዘገበ ነጋዴ 240,000 ብር ከሸጠ ቫቱን ከእኔ ቢቀበል ባይቀበል ለመንግሥት ያስገባል። ሊምርህ አይችልም፣ የእሱ አይደለምና። በሽምግልና የሚቀነስ ቫት ቫት አይደለም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው በጣም የተናደድኩት፣ ምክንያቱም እናቴ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ተበድራም ቢሆን ትከፍለው ነበር። ስንት እናት ከፍላ ይሆን?

ቀሪውን 120,000 ከፈልኩት፤ ሠርቷልና። ሲቀበል በራሱ እጅ አስፈረምኩት፣ ሽማግሌው ምስክር ሆኑ።

በማግስቱ ልጠቁም ብዬ በእኛ በኩል ወዳለ ቢሮ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐምሌ ግብር የሚከፈልበት ወር ስለሆነ ደረጃው ሙሉ ሰው ነው። ተራዬ ሲደርስ የሱቁን ቦታ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እሱ ከመስመሩ ወዲያ ነው፣ የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ነው የሚያየው» አሉኝ። ወዲያ ያለው ቢሮ ስሄድ ደግሞ ፈቃዱ የወጣው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያው ጠይቅ። ሰዎቹ ባለጌ አልነበሩም፤ አንዷ ወንበር ለቅቃ አስቀምጣኛለች። ግን መንገድ ተሻግሮ የሚሠራ ሰውን ማን እንደሚጠይቀው አጥርቶ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የከተማ ዳር ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤትህ አንዱ ጋ፣ ሱቁ ሌላው ጋ፣ ፈቃዱ ሦስተኛ ቦታ። የመመለሻ በረራዬ ደረሰና ማመልከቻዬን ለእህቴ ልጅ ትቼ መጣሁ። እስካሁን መልስ የለም።

አሁን የድግሱን ሴትዮ ላንሳ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ጠባብ ቤት አላት፣ ሁለት ሴቶች ቀጥራ ትሠራለች። ገና ስገባ ግድግዳው ላይ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ንግድ ፈቃዷ በመስታወት ተሰቅሏል። ስሟ፣ ዘርፏ፣ የታደሰበት ዓመት፣ ሁሉም ይነበባል። ዋጋ ስንነጋገር ሳልጠይቃት «ቫት ተመዝጋቢ አይደለሁም ወንድም ጋሼ፣ ስለዚህ የነገርኩህ ዋጋ ያው ነው፣ ምንም አይጨመርም» አለችኝ። የሰጠችኝ የባንክ ቁጥር ፈቃዱ ላይ ባለው በራሷ ስም ነው። ቀብዱን እንደላክሁ ስሟና ቲን ቁጥሯ የታተመበትን ደረሰኝ ቆርጣ በእጄ ሰጠችኝ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ስለነበር ዶሮም ቀይ ወጥም አሠራን። ሙት ዓመቱ ዕለት ጎህ ሳይቀድ መጣች። ወጡ የእናቴ እጅ ይመስል ነበር፤ ይህን እናቴ ራሷ ናት ያለችው፣ እናቴ ደግሞ የሰው ወጥ በቀላሉ አታመሰግንም። ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ቀይ ወጥ አልቀመስኩም ነበር፣ ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ነው የበላሁት።

ሒሳብ ስንጨርስ ቀኑን ሙሉ ግብር ለመክፈል ተሰልፋ እንደዋለች ነገረችኝ። የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበረችና ሐምሌ 30 ሳያልፍ መጨረስ ነበረባት። «መክፈሉ አይደለም የሚከብደኝ፣ ግምቱ ነው» አለች። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት የተባለው ሲመጣ ስንቱ ሱቁን ዘግቶ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። እሷ ያኔ በሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፣ አሠሪዋ ስትንገበገብ አይታለች። እንደዚያም ሆኖ ፈቃድ አውጥታ፣ አሻራ ሰጥታ፣ ቲን ይዛ በስሟ ትሠራለች። ያ የአልሙኒየም ሰው የእሷን አይነት ሸክም አንዱንም አይሸከምም፤ ግብሩን አይከፍልም፣ ፈቃዱን አያድስም፣ እላዩ ላይ ደግሞ በመንግሥት ስም 15 በመቶ ይሰበስባል። ከእኔ 36,000 ይልቅ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ ሥራ ልታሠሩ ስትሄዱ ታፔላውን አትመኑ። ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ውሉ ከታፔላው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ነው፤ ነገ ብትከሱ የምትከሱት ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ቲን ቁጥሩን ጠይቁና ኢ-ትሬድ ላይ እዩት፣ ዘርፉን ከሚሠራው ሥራ ጋር አስተያዩ። የባንክ ሒሳቡ ስም ከፈቃዱ ስም የተለየ ከሆነ ቀብድ አትላኩ፣ የሚስቴ ነው የወንድሜ ነው ቢል አትስሙት። ዋጋ ስትስማሙ ከነቫቱ ነው ወይስ ያለ ቫቱ ብላችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ይሁን። ቫት አለ ካለ ሰርተፍኬቱን አሳየኝ በሉት። ጨዋ ነጋዴ በዚህ አይቀየምም። የድግሷ ሴትዮ ፈቃዷን ፎቶ ላነሳው ብላት አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ነው ያሳየችኝ።

የጓዳው መስኮት አሁንም አይዘጋም። ሰውየው ስልክ አያነሳም። ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ሰዎች እዚያው ሱቅ በር ሊያሠሩ ቀብድ ሊሰጡ ነበር፣ የእህቴ ልጅ ሄዶ ስልኩን አሳይቷቸዋል። ሌላ ቦታ እየጠየቁ ነው።